ባዶው የሕፃን አልጋ፦ የፈረንሳይ ቤተ መንግሥት የሕዝብን አመኔታ በሥዕል ለመመለስ ያደረገው ሙከራ

በፓሪስ አቅራቢያ በሚገኘው የቬርሳይ ቤተ መንግሥት ከሚታዩት ታሪካዊ ሥዕሎች መካከል አንዱ ንግሥት ማሪ አንቷኔትን ከሦስት ልጆቻቸው ጋር የሚያሳየው ግዙፍ የዘይት ቀለም ሥዕል ነው። ቁመቱ 2 ሜትር ከ75 ሳንቲ ሜትር፣ ስፋቱም ከ2 ሜትር በላይ የሆነው ይኸው ሥዕል እ.ኤ.አ በ1787 ለሕዝብ የቀረበ ሲሆን፣ የሣሉትም በዘመኑ ከፍተኛ ዝና ያተረፉት ሠዓሊ ኤሊዛቤት ቪዤ ለ ብረን ናቸው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታትና ወራት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሥዕሉ ላይ ላዩን ሲታይ አንዲት እናት በልጆቿ ተከባ የተቀመጠችበት ጸጥ ያለ የቤተሰብ ትዕይንት ነው። በአሠራሩ ግን የመንግሥት ሥራ ነበር። ያዘዘው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው፤ ዋጋውም የተከፈለው ከመንግሥት ግምጃ ቤት ነው። ዓላማውም በሕዝቡ ዘንድ ክፉኛ የተጎዳውን የንግሥቲቱን ስም ማደስ ነበር። ሥዕሉ ለሕዝብ በቀረበ በሁለተኛው ዓመት የፈረንሳይ አብዮት ፈነዳ፤ በስድስተኛው ዓመት ደግሞ ንግሥቲቱ በአደባባይ በሞት ተቀጡ። በመሆኑም የሥዕሉ ታሪክ አንድ መንግሥት ምስሉን በማሳመር ሊያገኝ የሚችለው ውጤትና ሊያገኝ የማይችለው ምን እንደሆነ በግልጽ ያመለክታል።

የቤተሰብ ሥዕል እንደ መንግሥት ሰነድ

በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አውሮፓ ፎቶግራፍ ገና አልተፈለሰፈም ነበር። ንጉሥን በዓይኑ የማየት ዕድል ያልነበረው ሹም፣ የውጭ አገር መልእክተኛ ወይም ተራ ዜጋ የገዢውን መልክ የሚያውቀው በሳንቲም፣ በኅትመትና በሥዕል ነበር። ከአንድ ዋና ሥዕል ላይ በርካታ ቅጂዎች እየተሠሩ ወደ ውጭ አገር ቤተ መንግሥታት፣ ወደ ኤምባሲዎችና ወደ ከፍተኛ ሹማምንት ይላኩ ነበር። በጋብቻ ድርድር ወቅትም የሙሽሪት ሥዕል ከውሉ ቀድሞ ይጓዝ እንደነበር ይታወቃል።

ከእነዚህ ሥዕሎች መካከል የንጉሣዊ ቤተሰብ ሥዕል የተለየ ተግባር ነበረው። ዋና መልእክቱም ዘውዱ ወራሽ ያለው መሆኑንና ሥርወ መንግሥቱም የሚቀጥል መሆኑን ማሳወቅ ነው። ሉዊ ሚሼል ቫን ሎ እ.ኤ.አ በ1743 የሣሉት የስፔን ንጉሥ ፊሊፕ 5ኛ ቤተሰብ ሥዕል ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በኦስትሪያም ማርቲን ፋን ማይተንስ እቴጌ ማሪያ ቴሬዛን ከባለቤታቸውና ከበርካታ ልጆቻቸው ጋር ደጋግመው ሥለዋል። በእነዚህ ሥዕሎች ውስጥ የእያንዳንዱ ሰው አቀማመጥ፣ ለዘውዱ ያለው ርቀትና የሚለብሰው ኒሻን በጥንቃቄ የሚወሰን ነበር።

የማሪያ ቴሬዛ ልጅ የሆኑት ማሪ አንቷኔት በ1755 የተወለዱ ሲሆን፣ ገና በ14 ዓመታቸው በ1770 ለፈረንሳዩ አልጋ ወራሽ ተዳሩ። ጋብቻው ለረጅም ዘመን በጠላትነት ሲተያዩ የቆዩትን የኦስትሪያንና የፈረንሳይን አዲስ ወዳጅነት ለማጠናከር የታሰበ ነበር። ባለቤታቸው በ1774 ሉዊ 16ኛ ተብለው ነገሡ። ይሁን እንጂ ከጋብቻው በኋላ ከስምንት ዓመታት በላይ ልጅ አልተወለደም። በፈረንሳይ ሕግ ሴት ልጅ ዘውድ ስለማትወርስ፣ በ1778 የተወለደችው የመጀመሪያዋ ልጅ ማሪ ቴሬዝ ሻርሎት የወራሹን ጥያቄ አልመለሰችም። ጥያቄው የተመለሰው በኦክቶበር ወር 1781 አልጋ ወራሹ ሉዊ ዦዜፍ ሲወለድ ነው። ከዚያ ወዲህ የንግሥቲቱ ትልቁ የፖለቲካ ሀብት የወራሹ እናት መሆናቸው ሆነ።

ስም የጠፋባቸው ዓመታት

በ1780ዎቹ መጀመሪያ የንግሥቲቱ ስም በሕዝቡ ዘንድ እየከፋ ሄደ። ባዕድ አገር ተወላጅ በመሆናቸው ለኦስትሪያ ያደላሉ ተብለው ይጠረጠሩ ነበር። ለልብስና ለጌጣጌጥ የሚያወጡት ገንዘብ፣ ለጥቂት ወዳጆቻቸው የሚያሰጡት ሹመትና ጡረታ፣ እንዲሁም የቤተ መንግሥቱን ሥርዓት እየተዉ በትሪያኖን በሚገኘው የግል መኖሪያቸው ማሳለፋቸው ቅሬታን ያስከትል ነበር። በስውር የሚታተሙ የስድብ ጽሑፎችም በየጊዜው ይሠራጩ ነበር።

በዚህ ወቅት ሥዕል ራሱ የቅሬታ ምክንያት ሆኖ ተገኝቷል። በ1783 በተካሄደው የሥዕል ዐውደ ርዕይ ላይ ቪዤ ለ ብረን ንግሥቲቱን ቀለል ያለ ነጭ የጥጥ ቀሚስና የገለባ ባርኔጣ አድርገው የሚያሳይ ሥዕል አቀረቡ። ተመልካቹም የፈረንሳይ ንግሥት የውስጥ ልብስ በሚመስል ልብስ ተሥለው በሕዝብ ፊት መቅረባቸውን ነቀፈ። ከዚህም በላይ ከውጭ የሚገባን ጨርቅ በማስፋፋት የሊዮን ከተማን የሐር ሸማኔዎች እየጎዱ ነው የሚል ክስ ቀረበባቸው። ሥዕሉ ከዐውደ ርዕዩ እንዲነሣ ተደርጎ ንግሥቲቱን በሐር ቀሚስ የሚያሳይ ሌላ ሥዕል በምትኩ ተሰቀለ።

ከሁለት ዓመት በኋላ በ1785 ስዊድናዊው ሠዓሊ አዶልፍ ኡልሪክ ቬርትሙለር ንግሥቲቱን ከሁለት ልጆቻቸው ጋር በትሪያኖን የአትክልት ሥፍራ ሲንሸራሸሩ የሚያሳይ ሥዕል አቀረቡ። ዓላማው እናትነታቸውን ማሳየት ቢሆንም፣ ሥዕሉ ለንግሥት የሚገባ ግርማ የለውም ተብሎ ተተቸ። ይህ ሥራ ዛሬ በስቶክሆልም ብሔራዊ ሙዚየም ይገኛል።

በዚያው ዓመት ይፋ የወጣው የአልማዝ ሐብል ጉዳይ ደግሞ ሁኔታውን እጅግ አባባሰው። ሁለት የፓሪስ ጌጣጌጥ ሠሪዎች ያዘጋጁትና 1 ነጥብ 6 ሚሊዮን ሊቭር ያህል የተገመተ ሐብል በንግሥቲቱ ስም በዱቤ ተገዝቶ ነበር። ግዢውን የፈጸሙት ካርዲናል ደ ሮሃን ሲሆኑ፣ እርሳቸውም ዣን ደ ላ ሞት በተባለች ሴት በሚመራ የአጭበርባሪዎች ቡድን በሐሰተኛ ደብዳቤዎች ተታለው ነበር። ሐብሉ ተፈታትቶ አልማዙ ተሸጠ። ጌጣጌጥ ሠሪዎቹ ገንዘባቸውን ሲጠይቁ ንግሥቲቱ ስለ ነገሩ ምንም የሚያውቁት አልነበረም።

ንጉሡ ነገሩን በዝምታ ከማለፍ ይልቅ በኦገስት 15 ቀን 1785 ካርዲናሉን በቤተ መንግሥቱ በበዓል ቀን በሰው ፊት አሠሯቸው። ጉዳዩም በፓሪስ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ታየ። ፍርድ ቤቱ በሜይ 31 ቀን 1786 ካርዲናሉን ነፃ ባደረገ ጊዜ ሕዝቡ ደስታውን በአደባባይ ገለጸ። ካርዲናሉ ንግሥቲቱ በስውር ሐብል ሊገዙ ይችላሉ ብለው ማመናቸው የሚያስጠይቅ አይደለም ማለት፣ ንግሥቲቱ እንዲህ ያለ ሥራ የሚጠበቅባቸው ሰው ናቸው እንደማለት ተቆጠረ። በነገሩ እጃቸው ያልነበረበት ንግሥት ከክሱ ባለጉዳዮች ሁሉ ይበልጥ የተጎዱት በዚህ ምክንያት ነው።

ትዕዛዙና ሠዓሊዋ

የንጉሡን ሕንፃዎች፣ የሥዕልና የቅርጻ ቅርጽ ሥራዎችን በበላይነት የሚመራው መሥሪያ ቤት ዋና ዳይሬክተር ኮንት ዳንዢቪዬ ነበሩ። የቬርትሙለር ሥዕል ሳይሳካ በቀረበት በ1785 አዲስ ታላቅ የቤተሰብ ሥዕል እንዲሠራ በመሥሪያ ቤቱ በኩል ታዘዘ። ለሥራው የተመረጡት ቪዤ ለ ብረን ከ1778 ጀምሮ ንግሥቲቱን ሲሥሉ የቆዩና በንግሥቲቱም ዘንድ የተወደዱ ነበሩ።

ቪዤ ለ ብረን ከንግሥቲቱ ጋር በአንድ ዓመት በ1755 የተወለዱ ሲሆን፣ የመጀመሪያ ትምህርታቸውን ያገኙት ሠዓሊ ከነበሩት አባታቸው ነው። ባለቤታቸው የሥዕል ነጋዴ ስለነበሩ፣ ከንግድ ጋር ግንኙነት ያለውን ሰው የማይቀበለው የንጉሡ የሥዕልና የቅርጻ ቅርጽ አካዳሚ በሩን ዘግቶባቸው ነበር። በሜይ 31 ቀን 1783 በአባልነት የገቡት በንግሥቲቱ አማላጅነትና በንጉሡ ትዕዛዝ ነው። በዚያው ቀን ሌላዋ ሴት ሠዓሊ አደላይድ ላቢል ጊያርም በአባልነት ተቀባይነት አግኝተዋል። አካዳሚው በአንድ ጊዜ ከአራት ሴቶች በላይ በአባልነት እንዳይኖሩ ገድቦ ስለነበር፣ ሁለቱ ሲገቡ ኮታው ሞላ።

ለቤተሰቡ ሥዕል የተከፈላቸው 18 ሺህ ሊቭር ነው። ይህም በዚያን ጊዜ ከሁሉ የላቀ ክብር ይሰጣቸው ለነበሩት የታሪክ ሥዕሎች ይከፈል ከነበረው ዋጋ የሚበልጥ ነበር። መንግሥት ለጉዳዩ የሰጠው ክብደት ከዚህ አኃዝ ይታያል።

እያንዳንዱ ነገር ምን ይናገራል

በሥዕሉ ላይ ንግሥቲቱ በፀጉር የተከፈፈ ቀይ የከፋይ ቀሚስና ነጭ ላባ ያለው ቀይ ባርኔጣ አድርገው ተቀምጠዋል። ልብሱ ግርማ ያለው ነው፤ ከ1783ቱ ነጭ ቀሚስ በተቃራኒም ማንም የውስጥ ልብስ ነው ሊለው አይችልም። በአንገታቸው ላይ ግን ሐብል የለም። ከሐብሉ ቅሌት በኋላ አንገትን ባዶ አድርጎ መቅረብ በራሱ መልስ መስጠት ነበር።

ትንሹ ልጅ ሉዊ ሻርል በእናቱ ጉልበት ላይ ተቀምጧል። የበኩር ልጃቸው ማሪ ቴሬዝ በግራ በኩል ክንዳቸውን ተደግፋ በፍቅር ወደ እርሳቸው ቀና ብላ ትመለከታለች። ሦስቱ ተጠጋግተው የሦስት ማዕዘን ቅርጽ ይሠራሉ። ይህ አቀማመጥ የኢጣሊያ ሠዓሊዎች በተለይም ራፋኤል ቅድስት ድንግል ማርያምን ከሕፃኑ ጋር በሚሥሉበት ጊዜ ይጠቀሙበት የነበረ ነው። የዘመኑ ተመልካች በቤተ ክርስቲያን የለመደውን የእናትና የልጅ ምስል በንግሥቲቱ ላይ እንዲያይ ታስቦ የተደረገ ነው።

ከንግሥቲቱ በስተጀርባ በጥላው ውስጥ የጌጣጌጥ ማስቀመጫ ቁም ሣጥን ይታያል። ይህም ስለ ኮርኔልያ የሚነገረውን የሮማውያን ታሪክ የሚያስታውስ ነው። አንዲት ባለጸጋ ሴት ጌጣጌጧን አሳይታ የእርሷንም እንድታሳያት ኮርኔልያን ስትጠይቃት፣ ልጆቿን አቅርባ ጌጦቼ እነዚህ ናቸው ማለቷ ይተረካል። በጊዜው የተማረ ሰው ሁሉ ይህን ታሪክ ያውቀው ስለነበር፣ ከጨለማው ቁም ሣጥንና ብርሃን ካረፈባቸው ልጆች መልእክቱን ለማንበብ አይቸገርም።

በቀኝ በኩል የስድስት ዓመት ልደቱ የተቃረበው አልጋ ወራሽ ሉዊ ዦዜፍ የመንፈስ ቅዱስ ኒሻን ሰማያዊ ሪባን አድርጎ ቆሟል። በአንድ እጁ የሕፃን አልጋውን መጋረጃ ገልጦ በሌላው ወደ ውስጥ ያመለክታል። አልጋው ግን ባዶ ነው። በጁላይ ወር 1786 የተወለደችው ልዕልት ሶፊ ኤሌን ቤያትሪስ ሥዕሉ በመሠራት ላይ እያለ በጁን 19 ቀን 1787 አንድ ዓመት ሳይሞላት ሞታለች።

ስለ ሥዕሉ ከሚነገሩት ነገሮች ሁሉ ይህ ባዶ አልጋ የበለጠ ይነካል። ቁም ሣጥኑም ሆነ የሦስት ማዕዘኑ አቀማመጥ አስቀድሞ የታሰበበት የመንግሥት መልእክት ነው። ሐዘኑ ግን እውነተኛ ነበር። የንግሥቲቱ ፊት ፈገግታ የሌለበትና የረጋ መሆኑም ከዚህ ጋር የሚስማማ ሆኖ ይታያል።

ባዶው የሥዕል ፍሬም

ሥዕሉ እንዲቀርብ የታቀደው በየሁለት ዓመቱ በሉቭር በሚካሄደውና «ሳሎን» በሚል ስያሜ በሚታወቀው ዐውደ ርዕይ ላይ ነው። ሳሎን መኳንንትም ሆኑ ተራ ነዋሪዎች ጎን ለጎን ቆመው ሥዕል የሚመለከቱበትና አስተያየታቸውን በነፃነት የሚሰጡበት መድረክ ነበር። የ1787ቱ ዐውደ ርዕይ በኦገስት 25 ቀን ሲከፈት የንግሥቲቱ ሥዕል በቦታው አልነበረም። ሕዝቡ የሚያሳየው ተቃውሞ በመፈራቱ ሥዕሉ ዘግይቶ እንዲሰቀል ተደርጎ ስለነበር ባዶው ፍሬም ብቻ ይታይ ነበር። ተመልካቾችም ባዶውን ፍሬም እያመለከቱ የበጀት ጉድለቱ ይኸውላችሁ ብለው መቀለዳቸው በሰፊው ይነገራል።

ቀልዱ ያለ ምክንያት አልመጣም። በዚያው ዓመት በፌብሩዋሪ ወር የገንዘብ ጉዳይ ኃላፊው ሻርል አሌክሳንደር ደ ካሎን በቬርሳይ ለተጠራው የመኳንንትና የሹማምንት ጉባኤ የመንግሥት ወጪ ከገቢው በእጅጉ እንደሚበልጥ ገልጸው ነበር። ከስድስት ዓመት በፊት በ1781 ዣክ ኔከር ያሳተሙት የሂሳብ መግለጫ ግን የጦርነቱን ልዩ ወጪዎች ወደ ጎን በመተው 10 ሚሊዮን ሊቭር ትርፍ እንዳለ አመልክቶ ነበር። ሁለቱን መግለጫዎች ያነጻጸረ ዜጋ በመካከሉ ገንዘቡ የት እንደገባ መጠየቁ አይቀርም። መልሱንም በንግሥቲቱ ላይ አደረገው፤ «ወይዘሮ ጉድለት» የሚል ቅጽል ስምም ወጣላቸው።

የመንግሥቱ የሂሳብ ሰነድ የሚያሳየው ግን ከዚህ የተለየ ነው። በ1788 በተዘጋጀው በጀት ገቢው 503 ሚሊዮን፣ ወጪው ደግሞ 629 ሚሊዮን ሊቭር ያህል ነበር። ከዚህ ወጪ ውስጥ 318 ሚሊዮኑ ማለትም ከግማሽ በላይ የሆነው ለዕዳ ክፍያ የሚውል ነው። የንጉሡ ቤተሰብና የቤተ መንግሥቱ ወጪ በአጠቃላይ 36 ሚሊዮን ገደማ ወይም ከጠቅላላው 6 በመቶ የማይሞላ ነበር። ለዕዳው ዋነኛ መንስኤ የሆኑት ጦርነቶች ሲሆኑ፣ ፈረንሳይ የአሜሪካንን ነፃነት ለመደገፍ ያወጣችው ብቻ ከ1 ቢሊዮን ሊቭር በላይ እንደሚሆን ይገመታል። ባለጸጎቹ መኳንንትና ካህናት ከዋናው ቀጥተኛ ግብር ነፃ ስለነበሩ ጫናው በገበሬውና በከተማው ነዋሪ ላይ ወድቆ ነበር።

ከዚህ መረዳት የሚቻለው የንግሥቲቱ ልብስና ጌጥ ፈረንሳይን ያከሠሯት አለመሆኑን ነው። ይሁን እንጂ 6 በመቶው ለዓይን የሚታይ ወጪ ነበር። የዕዳው ወለድ ግን በዓይን አይታይም፤ ሕዝቡም የሚያየው የሂሳብ መዝገብ አልነበረም። ሂሳቡ በወቅቱና በግልጽ ባልተነገረበት አገር ወሬው የሂሳብ መግለጫውን ቦታ ያዘ።

ሥዕሉ በመጨረሻ ሲሰቀል ሠዓሊዋ የፈሩትን ያህል አልሆነም። የሥራው ጥራት ተደነቀ። ንጉሡም ለሥራው ያላቸውን አድናቆት ለሠዓሊዋ በአካል እንደገለጹላቸው ቪዤ ለ ብረን ከብዙ ዓመታት በኋላ ባሳተሙት የትዝታ መጽሐፋቸው ጽፈዋል። ይሁንና ለሠዓሊዋ የተሰጠው ምስጋና ወደ ንግሥቲቱ አልተሻገረም። የስድብ ጽሑፎቹ መሠራጨታቸው ቀጠለ፤ ቅጽል ስሙም አልተነሣም።

ከሥዕሉ በኋላ

ሥዕሉ በቬርሳይ ንግሥቲቱ በሚያልፉበት ክፍል ተሰቅሎ ነበር። በጁን 4 ቀን 1789 አልጋ ወራሹ ሉዊ ዦዜፍ ለረጅም ጊዜ ሲታመም ቆይቶ በቲቢ በሽታ ሞተ። ባዶውን አልጋ የሚያመለክተው ልጅ እርሱም አለፈ። በሠዓሊዋ መጽሐፍ እንደተመለከተው፣ ንግሥቲቱ በሥዕሉ አጠገብ ባለፉ ቁጥር እንባቸውን መቆጣጠር ስላቃታቸው እንዲነሣ አዘዙ። ይህ የእናት ሐዘን ሥዕሉን ከጥፋት እንዳዳነው ቪዤ ለ ብረን ያምኑ ነበር። ምክንያቱም በኦክቶበር 5 እና 6 ቀን 1789 የዳቦ እጥረት ያስቆጣቸው የፓሪስ ሴቶችና ተከታዮቻቸው ወደ ቬርሳይ በመሄድ ቤተ መንግሥቱን ሲወርሩ ሥዕሉ በቦታው አልነበረም።

ንጉሣዊው ቤተሰብ በኦክቶበር 6 ወደ ፓሪስ ተወሰደ። ቪዤ ለ ብረንም በዚያው ሌሊት ሴት ልጃቸውን ይዘው ከፈረንሳይ ወጡ። በኢጣሊያ፣ በቪየናና በሴንት ፒተርስበርግ ለዓመታት ሲሠሩ ቆይተው በ1802 ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ ያረፉትም በ1842 ነው። ንጉሥ ሉዊ 16ኛ በጃንዋሪ 21 ቀን 1793፣ ንግሥት ማሪ አንቷኔት ደግሞ በኦክቶበር 16 ቀን በዚያው ዓመት በሞት ተቀጡ።

በእናቱ ጉልበት ላይ የሚታየው ሉዊ ሻርል በጁን 8 ቀን 1795 በአሥር ዓመቱ በታምፕል እሥር ቤት ሞተ። ከሞቱ በኋላ በርካታ ሰዎች የጠፋው ልዑል እኔ ነኝ በማለት ተነሥተው ነበር። ክርክሩ እልባት ያገኘው እ.ኤ.አ በ2000 ነው። ተጠብቆ የቆየው የልጁ ልብ ከእናቱ ዘመዶች ፀጉር ጋር በዘር ቅንጣት ምርመራ ተነጻጽሮ ዝምድናው ተረጋግጧል። ልቡም በጁን 2004 የፈረንሳይ ነገሥታት ይቀበሩበት በነበረው በሳን ዴኒ ቤተ ክርስቲያን በክብር አርፏል። በሥዕሉ ላይ ከሚታዩት አራት ሰዎች አብዮቱን አልፋ የኖረችው ማሪ ቴሬዝ ብቻ ነች። በ1795 መጨረሻ በኦስትሪያ እጅ በነበሩ ፈረንሳውያን እሥረኞች ተለውጣ የወጣች ሲሆን፣ ያረፈችውም በ1851 ነው።

የቬርሳይ ቤተ መንግሥት በ1837 ሙዚየም ሆኖ ተከፍቷል። ሥዕሉም በአሁኑ ጊዜ ንጉሣዊው ቤተሰብ በሕዝብ ፊት ማዕድ ይቀርብበት በነበረው የንግሥቲቱ አዳራሽ ይታያል። በ2015 እና በ2016 በፓሪስ፣ በኒው ዮርክና በኦታዋ የተካሄደው ታላቅ የቪዤ ለ ብረን ሥራዎች ዐውደ ርዕይ ሠዓሊዋ በታሪክ ውስጥ የሚገባቸውን ሥፍራ እንዲያገኙ አስተዋጽኦ አድርጓል።

ሥዕሉ በሙያ ረገድ ከዘመኑ ምርጥ ሥራዎች አንዱ ነው፤ የታዘዘበትን የፖለቲካ ዓላማ ግን አላሳካም። ጉድለቱ በሠዓሊዋ ችሎታ ላይ አልነበረም። ሕዝቡ ይጠይቅ የነበረው ስለ ግብር ፍትሐዊነት፣ ስለ ዳቦ ዋጋና ስለ መንግሥት ሂሳብ ነበር። መንግሥት የሰጠው መልስ ደግሞ ንግሥቲቱ ጥሩ እናት ናቸው የሚል ነበር። መልሱ ሐሰት አልነበረም፤ የተጠየቀውን ጥያቄ ግን አይመልስም። በቬርሳይ አዳራሽ ከሥዕሉ ፊት የሚቆም ጎብኚ ዛሬ የሚያየው ያልተሳካውን የፖለቲካ መልእክት ሳይሆን፣ ወደ ባዶ አልጋ የሚያመለክተውን ትንሽ ልጅና ከጎኑ ዝም ብላ የተቀመጠችውን እናት ነው።